ደመና ሲሆን ዓሣውን ማን ያያል?

በባሃማስ የአሥር ሳንቲም ላይ ሁለት ዓሣዎች ተቀርጸዋል። ቦንፊሽ ይባላሉ። አሥር ሳንቲም ምን አላት ብላችሁ አትናቁ፤ አገር ገንዘቡ ላይ የሚቀርጸው ወይ የሚኮራበትን ነው ወይ እንጀራ የሚበላበትን። እኛ አንበሳ ቀርጸናል፣ በአንበሳ እንጀራ የበላ ሰው ግን አላውቅም። ባሃማሶች በዚህ ዓሣ ይኮራሉም፣ ይኖሩበታልም። ደግሞ የሚገርመው፣ ገንዘቡን የሚያመጣላቸው ዓሣውን ሸጠው አይደለም። ቦንፊሽ መሸጥም መግዛትም፣ በመረብ ማጥመድም በሕጋቸው ክልክል ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ዓሣውን ይዞ፣ ለአፍታ አይቶ፣ መልሶ ለመልቀቅ ውቅያኖስ አቋርጦ ከሚመጣ ሰው ነው።

እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ዓሣው አይደለም፤ አየሩ ነው። ስለ ቦንፊሽ የተጻፈ ነገር ማንበብ ስጀምር ግማሹ ገጽ ስለ ንፋስና ስለ ደመና ሆኖ አገኘሁት። ቀስ እያልኩ ሳነብ ሌላ ነገርም ታየኝ፦ አየሩ ሲከፋ በታሪኩ ውስጥ የማይጠሩት ሰዎች ብቅ ይላሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ተመልሰው ይጠፋሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ከስሙ እንጀምር። ማርክ ኬትስቢ የሚባል እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1725 ባሃማስ ሄዶ የደሴቶቹን ዓሣዎች በቀለም ሣለ። ይህኛውን «የባሃማስ ቀበሮ» አለው። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ለእንስሳት ሁሉ የላቲን ስም ሲያድል ያንን ሥዕል ተመርኩዞ ቀበሮነቱን አጸደቀለት። ዛሬም ሳይንሳዊ ስሙ አልቡላ ቩልፔስ ነው፤ በግርድፉ «ነጯ ቀበሮ»።

የአንዱ ዘመዱ ስም ደግሞ የመጣው ከእኛው ደጃፍ፣ ከቀይ ባሕር ነው። የሊኒየስ ተማሪ ፒተር ፎርስካል ከዴንማርክ የተላከ የአሳሾች ቡድን ውስጥ ሆኖ ቀይ ባሕር ወረደ፤ ያገኛቸውን ዓሣዎች አንድ በአንድ መዘገበ፤ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት ወደ አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር። የጓደኛውን ማስታወሻ በ1775 አሳተመለት። እዚያ ውስጥ አንድ የቦንፊሽ ዝርያ አለ፣ ግሎሶዶንታ የሚባል፤ ምላሱ ላይ ጥርስ ያለው እንደማለት። እውነትም ቦንፊሽ ሸርጣንና ሽሪምፕ የሚያደቀው በምላሱና በላንቃው ላይ በተደረደሩ ድቡልቡል ጥርሶች ነው።

አሁን ወደ ማጥመዱ። «ፍላይ ፊሺንግ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ አገር ሐይቅ ዳር እንደምናየው ትል መንጠቆ ላይ ሰክቶ መጠበቅ አይደለም። መንጠቆው ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞበት ዝንብ ወይም ሽሪምፕ እንዲመስል ይደረጋል። ይህ ነገር ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚወረወረው እሱ ሳይሆን ክሩ ነው። ክሩ ወፈር ያለ ነው፤ ዘንጉ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲወዛወዝ አየር ላይ ይዘረጋና ላባውን ጎትቶ ይወስደዋል። ጥበቡ የተወለደው ለወንዝ ነው፣ ትራውት ለሚባል ዓሣ። ባሌ ተራሮች ውስጥ በእነ ዳንካና ወይብ ያለው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ለዚሁ መዝናኛ ነበር። ወንዝ ዳር ዛፍ አለ፣ ገደል አለ፣ ንፋስ ይከለላል። ይህንኑ ዘንግ ይዞ ውቅያኖስ ላይ መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቦንፊሽ የሚበላው በጣም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ጉልበት፣ አንዳንዴ ቁርጭምጭሚት በማይሞላ። ባሕሩ ሲሞላ ከጥልቁ ወጥቶ አሸዋማው ሜዳ ላይ ይሰማራል፣ ሲጎድል ይመለሳል። ሜዳው ላይ መደበቂያ ስለሌለው ሻርክም ወፍም ያስፈራዋል፤ ጥላ ካየ ወይም ጀልባ ሲንኳኳ ከሰማ ጠፋ። አጥማጁ መጀመሪያ ዓሣውን ማየት አለበት፣ ከዚያ ሳያስደነግጠው ፊት ለፊቱ ላባውን ማሳረፍ አለበት። ማየቱ ነው ችግሩ። ቅርፊቱ እንደ መስታወት ስለሆነ አሸዋ ላይ አሸዋ ይመስላል፣ ሣር ላይ ሣር። የለመዱ ሰዎች ዓሣውን አይፈልጉም፤ መሬቱ ላይ ያረፈውን ጥላውን ነው የሚፈልጉት።

ደመና ሲመጣ ጥላው ይጠፋል። ውሃው ላይ ያረፈው የሰማዩ ነጸብራቅ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያበራና ከሥር ያለው ሁሉ ይሰወራል። ነጸብራቁን የሚቆርጡት የፖላሮይድ መነጽሮች ገበያ ላይ የወጡት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቢሆንም ሙሉ ደመና ሲሆን መነጽሩም ብዙ አይረዳም።

ቀጥሎ ንፋስ አለ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የተዘረጋው ክር ተመልሶ እግር ሥር ይከመራል። ከቀኝ ሲመጣ ደግሞ መንጠቆውን ወደ ወርዋሪው ጆሮ ያመጣዋል፤ ይህ ለማሳቅ ያልኩት አይደለም፣ ጆሯቸው የተበሳ አሉ። ግን ንፋስ ሙሉ ለሙሉ ጠላት አይደለም። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ሲል ቦንፊሽ በወፍ ጥላ ይበረግጋል፤ ውሃው ትንሽ ሲሸበሸብ ግን የጀልባው ድምፅም የክሩ አወዳደቅም ይሸፈናል፣ ዓሣውም ደፈር ብሎ ይበላል። ጎበዝ አጥማጅ ቀለል ያለ ንፋስ ሲያጣ የሚያማርረው ለዚህ ነው።

ብርድ ግን ይቅርታ የለውም። በክረምት ቀዝቃዛ አየር ከሰሜን አሜሪካ ሲወርድ ስስ የሆነው ውሃ በአንድ ሌሊት ይቀዘቅዝና ዓሣው ሜዳውን ለቆ ወደ ጥልቁ ይሸሻል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አሸዋውን ካሞቀች ሊመለስ ይችላል፤ ካላሞቀች ቀኑ አለቀ። በጃንዋሪ 2010 ፍሎሪዳ ላይ ብርዱ ቀናት ሲቆይ መሸሽ ያልቻሉ ብዙ ዓሣዎች ሞተው ተንሳፈፉ፤ ቦንፊሽም ከእነሱ ጋር።

እንዲህ ባለ ቀን እንግዳው ምንም አይታየውም። የሚያየው ጀልባው ኋላ ላይ ረጅም ዘንግ ይዞ የቆመው ጋይድ ነው። ጥላ ከሌለ የተረበሸ ውሃ ይፈልጋል፤ የዓሣ መንጋ ሲሄድ የሚያነሳው ሽብሽብ ከንፋሱ አቅጣጫ ጋር አይገጥምምና። ደፍረስ ያለ ቦታ ካለ ታች የሚቆፍር አለ ማለት ነው። የጭራ ጫፍ ብልጭ ካለችም ትበቃዋለች። ከዚያ የጀልባውን አፍንጫ 12 ሰዓት አድርጎ «11 ሰዓት ላይ፣ 15 ሜትር» ይላል። (ለእኛ 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ሐበሻ እንግዳ መጀመሪያ ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ አይቀርም።) እንግዳው በታዘዘበት ይወረውራል፣ «ቆይ… ሳብ… ሳብ» ይባላል፣ ይስባል፣ ዓሣው ይያዛል፤ መቶ ሜትር ክር በአንድ ትንፋሽ ይዞ ይፈረጥጣል። ፎቶ ላይ ዓሣውን አቅፎ የሚታየው እንግዳው ነው።

በዚህ ዓይን ታሪኩን ከመጀመሪያው ላንብበው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሄንሪ ፍላግለር የሚባል የነዳጅ ባለሀብት ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ኪ ዌስት ደሴት ድረስ በባሕር ላይ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ በ1912 ተጠናቀቀ። መንገዱ ላይ ሎንግ ኪ በምትባል ደሴት ለሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃ ካምፕ ነበረው። በ1917 የተቋቋመው የካምፑ ክለብ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዛኔ ግሬይ ነው፣ ያ የካውቦይ ልብ ወለድ ደራሲ። በ1919 ባወጣው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፉ ስለ ቦንፊሽ ጽፎ የአሜሪካን ሀብታም አስጎመጀ። ያኔ የሚጠመደው በላባ ሳይሆን በእውነተኛ ሸርጣንና በመሳሰለው ነበር።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1935፣ ጣልያን መረብን ሊሻገር አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ እስከዚያ ዘመን አሜሪካን ከመቱት ሁሉ የበረታ አውሎ ነፋስ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ወረደ። ባሮሜትሩ 892 ሚሊባር ወረደ፤ ባሕሩ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ተነሥቶ ደሴቶቹን ተሻገረ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ፤ በድህነት ዘመን መንግሥት የመንገድ ሥራ ሰጥቷቸው ድንኳንና የሳንቃ ቤት ውስጥ የሰፈሩ። ሊያወጣቸው ከማያሚ የተላከው ባቡር ዘግይቶ ደረሰና ፉርጎዎቹ በሙሉ ከሐዲዱ ተጠርገው ወደቁ፤ የቆመው ሎኮሞቲቩ ብቻ ነበር። ሄሚንግዌይ ከኪ ዌስት በጀልባ መጥቶ ሬሳውን አየ፤ ተናድዶም እነዚህን ሰዎች ማን ገደላቸው ብሎ የሚከስ ጽሑፍ አወጣ። ትክክል ነበር ብዬ አስባለሁ። ነፋስ ብቻውን አይደለም የገደላቸው፤ በአውሎ ነፋስ ወቅት እዚያ ያሰፈራቸው ሰው አለ።

የሎንግ ኪ ካምፕ ጠፋ። የባቡር ኩባንያው ሐዲዱን መልሶ መሥራት አልቻለም፤ ግዛቱ ገዛውና በድልድዮቹ ላይ የመኪና መንገድ ዘርግቶ በ1938 ከፈተው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባቡሩ ያመጣ የነበረው ክለብ ያለውን ሀብታም ነው። መንገዱ ደግሞ መኪና ያለውን ሁሉ አመጣ፣ ዘንጉን ከኋላ ወንበር ላይ ወርውሮ፣ ወንዝ ላይ የለመደውን ላባ ይዞ። መንገዱ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ1939፣ አይላሞራዳ በምትባለው መንደር ቢል ስሚዝ የተባለ ጋይድ አስቦና ፈልጎ ቦንፊሽ በላባ ያዘ። ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያው» የሚባለው እሱ ነው። ያ አውሎ ነፋስ ባይመጣ ይህ ነገር በዚያ ቦታ በዚያ ዓመት የሚሆን አይመስለኝም።

ከስሚዝ ይልቅ የእኔን ቀልብ የያዘችው ግን ሚስቱ ናት። ቦኒ ስሚዝና ሁለት እህቶቿ፣ ፍራንኪ ኦልብራይትና ቢዩላ ካስ፣ ሦስቱም ጋይዶች ነበሩ። በ1940ዎቹ፣ ሴት ጀልባ ላይ ስትወጣ ምሳ ይዛ የመጣች ተብላ በምትታሰብበት ዘመን፣ እነዚህ ሴቶች ዘንግ ይዘው ጀልባ እየገፉ ለወንዶች ዓሣ ያሳዩ ነበር። የፍራንኪ ባል ጂሚ ኦልብራይት በ1947 ጆ ብሩክስ የሚባለውን ጸሐፊ ይዞ ወጣና ብሩክስ በላባ ቦንፊሽ ያዘ። ብሩክስ ስለጻፈው ዓለም አወቀው፤ በ1950 በባሕር ላይ ስለሚደረግ ፍላይ ፊሺንግ መጽሐፍ አሳተመ፣ ስፖርቱም ስፖርት ሆነ። የጻፈው ይታወሳል፣ ያሳየው ግማሽ ይታወሳል፣ ያሳየችው አትታወስም። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አሁን አሁን እያስተካከሉት ነው፣ መቼም ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።

ባሃማስ ላይ ደግሞ ነገሩ ከቆዳ ቀለም ጋር ይጠላለፋል። ትልቋ ደሴት አንድሮስ የዚህ ዓሣ መናገሻ ናት። ከዚያ በፊት በሌላ ነገር ሞክረውባት ነበር፦ ኔቪል ቻምበርሌን፣ ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ በ1890ዎቹ ወጣት ሳለ እዚያ የቃጫ እርሻ ከፍቶ አፈሩ እምቢ ብሎት ከስሮ ተመለሰ። (ይኸው ሰውዬ ነው በ1938 ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን እውቅና የሰጠው፤ አንድሮስ ላይ ቢሳካለትና እዚያው ቢቀር አልጠላም ነበር።) ለገበሬ ያልሆነው ረግረግ ለቦንፊሽ ገነት ነበር። የአንድሮስ ሰዎች ዓሣውን በመረብ እየያዙ ይበሉት ነበርና ጠባዩን ከማንም በፊት ያውቁታል። በ1977 ቦብ ናውሃይም የሚባል ካሊፎርኒያዊ ቻርሊ ስሚዝ ከሚባል የአንድሮስ ጋይድ ጋር ሲያጠምድ አዲስ ላባ ሠራ፤ አይኖቹ ከብረት ዶቃ ሰንሰለት የተቆረጡ፣ ስለዚህ ቶሎ የሚሰምጥ፣ መንጠቆውም ሽቅብ ስለሚዞር አሸዋና ሣር የማይቧጥጥ። በጋይዱ ስም ሰየመው። ገበያ ላይ ሲወጣ ስሙ «ክሬዚ ቻርሊ» ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ቦንፊሽ የሚያጠምድ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ይህ ላባ የሌለው ጥቂት ነው፤ ቻርሊ ሰው መሆኑን ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝ ሰው ግን ከፍሎሪዳ 80 ኪሎ ሜትር ብቻ ከምትርቀው ከቢሚኒ ነው። አንሲል ሳውንደርስ የጀልባ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ራሱም ጀልባ ሠሪ፣ ቦንፊሽ ጋይድ። በ1960ዎቹ ጥቁር የማያስተናግድ አንድ የደሴቲቱ ክለብ ውስጥ ገብቶ በመቀመጥ ያንን ሕግ ከሰበሩት አንዱ ነው። ቢሚኒ የአዳም ክሌይተን ፓወል መሸሻም ነበረች። ፓወልን በስም ባታውቁት በቤተ ክርስቲያኑ ታውቁታላችሁ፦ ሃርለም ያለው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች መጋቢ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ጎልተው ከወጡት ጥቁሮች አንዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ የወርቅ ሜዳሊያ ሸልመውት ነበር፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር ይባላል። ምክር ቤቱ በ1967 አባርሮት ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው እዚያች ደሴት ላይ ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1964 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሊቀበል ኦስሎ ከመሄዱ በፊት ቢሚኒ መጣ። የያዘው ብዕር እንጂ ዘንግ አልነበረም፤ ንግግሩን የሚያዘጋጅበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው የፈለገው። ሳውንደርስ ራሱ በሠራው ጀልባ ወደ ማንግሮቭ ደን ውስጥ ወሰደው። ማንግሮቭ ሥሩ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የቆመ ዛፍ ነው፤ ጋይዶች ንፋስ ሲበረታ የሚጠለሉት እዚያ ነው፣ ትንንሽ ዓሣዎችም እንዲሁ። ሳውንደርስ እንደሚያስታውሰው ኪንግ ውሃውንና ወፉን ሁሉ እያየ ተደነቀ፤ እሱም ስለ ፍጥረት ራሱ የደረሰውን መዝሙር አሰማው። ኪንግ በ1968 እንደገና መጣ፣ ይህን ጊዜ ለሜምፊስ የጽዳት ሠራተኞች የሚናገረውን ይዞ። ብዙም ሳይቆይ፣ ኤፕሪል 4 ቀን፣ እዚያው ሜምፊስ ተገደለ። ዛሬ ማንግሮቩ ውስጥ ሐውልቱ ቆሟል።

ፓወልም በ1972 በዚያው ቀን፣ ኤፕሪል 4፣ ሞተ፤ አመዱ የቢሚኒ ውሃ ላይ ተበተነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 1971፣ ሳውንደርስ የመራው እንግዳ 16 ፓውንድ ከ3 አውንስ፣ ማለትም ከ7 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቦንፊሽ ይዞ ለተጠቀመበት ክር ደረጃ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። መዝገብ ላይ የገባው እንደ ደንቡ ዘንጉን የያዘው ሰው ስም ነው። ቢሚኒ ላይ ግን ያ ዓሣ የማን እንደሆነ ብትጠይቁ የአንሲል ነው የሚሏችሁ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ሃሪኬን ዶሪያን በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ አባኮ ላይ ገባ፤ ከዚያ ግራንድ ባሃማ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ ቀረ። ከ70 በላይ ሰው እንደሞተ ተመዘገበ፤ ማርሽ ሃርበር ዳር በሳንቃ ቤት ይኖሩ የነበሩ ብዙ የሄይቲ ስደተኞች ግን ስማቸው የትም ስላልነበረ በቆጠራው ውስጥ መኖራቸው ያጠራጥራል። 1935ን ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይርበተበታል። ጋይዶች ጀልባቸውንና ቤታቸውን አጡ። የማንግሮቭ ደኑም በሰፊው ተመትቶ ቅጠሉ ረገፈ፣ ሥሩ ደርቆ ግራጫ ሆነ።

የቦንፊሽ ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ ዓሣ አይመስልም፤ እንደ ሪባን ጠፍጣፋና ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ሁለት ወር ገደማ ውቅያኖስ ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ነው ወደ ዳርቻ የሚመጣው። የቀይ ማንግሮቭ ዘር ደግሞ ዛፉ ላይ እያለ ይበቅልና እንደ እርሳስ ይረዝማል፤ ከወደቀ በኋላ ውሃው የወሰደው ቦታ ላይ ይተከላል። ከዶሪያን በኋላ ወላጅ ዛፍ ያልቀረበት ቦታ ብዙ ነበርና ጋይዶችና የትምህርት ቤት ልጆች ችግኝ አፍልተው በጀልባ እየጫኑ መትከል ጀመሩ። ባሕሩ ሲጎድል ይወርዳሉ፣ ጭቃውን በዱላ ይበሱታል፣ ችግኙን ይሰካሉ፣ ቀጣዩ ጋ ይሄዳሉ። ይህ ሥራ ፀሐይ አይፈልግም፤ ደመና ሲሆን፣ ዓሣ በማይታይበት ቀንም ይሠራል።